አጋዘን በጉራ አይወድቅም

ይህ ጽሑፍ ሙግት ነው። የምሟገተውም በዚህ አገር ጫካ አጋዘን ለማደን ከሚወጣው ወገናችን ጋር አብሮ ከሚሄድ አንድ ክፉ ምክር ጋር ነው። ምክሩ አጭር ነው፤ «ትልቁን ግዛ!» ይላል። ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲቃረብ የታክሲ ተራ ሲጠበቅም ሆነ ምግብ ቤት ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ወሬው እርሱ ነው። አዲሱ አዳኝ የአደን ትምህርቱን ጨርሶ፣ ፈቃዱን አውጥቶ «ምን ዓይነት ጠመንጃ ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቅ ሦስት ሰዎች በአንድ አፍ «ማግነም!» ይሉታል። የሱቁ ሻጭም አይቃወምም፤ እርሱ ምን ገዶት? ልጁ .300 ዊንቸስተር ማግነም ተሸክሞ፣ ሃያ ፍሬ ጥይት ይዞ ቤቱ ይገባል። ከሃያው ፍሬ ሦስቱን ተኩሶ ትከሻውን ሲያመው «ይበቃል፣ ገብቶኛል» ይልና ጫካ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቀው ቆስሎ ያመለጠው አጋዘን ብቻ ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው። ነጭ ጅራት ያለውን የዚህን አገር አጋዘን ለመጣል ማግነም አያስፈልግም። አለማስፈለጉ ብቻ ሳይሆን አብዛኛውን ሰው ይጎዳዋል። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ትከሻ የሚችለው መካከለኛ ጥይት፣ ለአደን የተሠራ አረር፣ ያንን ጥይት ደጋግሞ የተኮሰ እጅ። ከሦስቱ በገንዘብ የማይገዛው ሦስተኛው ነው። ስለዚህም ይመስለኛል ማንም የማያወራለት።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር፤ ስሙም አንዱ አሳሳች ነውና። በአገራችን «አጋዘን» ስንል የምናውቀው ቀንደ ጠምዛዛውን፣ ወንዱ ከ400 ፓውንድ በላይ የሚመዝነውን እንስሳ ነው። የባሌው የደጋ አጋዘንም ግዝፈቱ ከዚያው ገደማ ነው። የዚህ አገሩ «ዲር» ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በኢትዮጵያ ዱር የዲር ዘር የሆነ እንስሳ ጭራሽ የለም፤ ስም ስላጣንለት የምናውቀውን ስም አዋስነው። የደረሰች ሴት ዲር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ፓውንድ ትመዝናለች። ወንዱ 200 ፓውንድ ከደረሰ ትልቅ ነው ይባላል፤ በሰሜኑ ስቴቶች ብቻ ከዚያ የሚያልፍ ይገኛል። እንግዲህ «አጋዘን ነውና ከባድ መሣሪያ ይፈልጋል» የሚለው ሰው በልቡ የያዘው የአገር ቤቱን አጋዘን ነው። እዚህ የሚጠብቀው ግን ቆዳው ስስ፣ ጎድኑ ቀጭን፣ ክብደቱ ከአንድ ሰው ክብደት ብዙ የማይርቅ እንስሳ ነው።

ቀጥሎ ቃላቱን እናጥራ። ጥይት ማለት ቀለሁ፣ መቀጣጠያው፣ ባሩዱና ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው አረር በአንድነት ነው። የጥይቱ ስም ላይ ያለው ቁጥር፣ ለምሳሌ .308፣ የአረሩን ውፍረት በኢንች ይነግረናል። የአረሩ ክብደት ደግሞ በግሬን ይለካል። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። ስለዚህ 150 ግሬን ያለው አረር ክብደቱ 10 ግራም እንኳ አይሞላም። ፓኬቱ ላይ የተጻፉት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። «ማግነም» የሚለው ቃል ግን መለኪያ አይደለም፤ በቀለሁ ውስጥ ብዙ ባሩድ ገብቷል ማለት ብቻ ነው። ቃሉ ጆሮ ስለሚሞላ ለሻጭ ይመቻል።

አጋዘንን የሚገድለው ምንድን ነው? ጩኸት አይደለም፤ የባሩድ ብዛትም አይደለም። የሚገድለው ሁለቱን ሳንባ ወይም ልብን በስቶ የሚያልፍ ቀዳዳ ነው። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከደረቱ ከፍታ በታችኛው አጋማሽ፣ ስፋቱ 8 ኢንች ገደማ የሆነ የትንሽ ሰሃን ያህል ቦታ አለ። አረሩ እዚያ ገብቶ ከተከፈተ አጋዘኑ ጥቂት ዐሥር ያርዶች ሮጦ ይወድቃል፤ አንዳንዴ ባለበት ይቀራል። አረሩ ሆዱን ከመታው ግን የፈለገውን ያህል ኃይል ይኑረው፣ እንስሳው ለሰዓታት ይሰቃያል፤ ብዙ ጊዜም አይገኝም። ሙግቱ ሁሉ የሚያርፈው በዚያች ሰሃን ላይ ነው። ጥያቄው «የትኛው ጥይት ኃይለኛ ነው?» ሳይሆን «የትኛውን ጥይት ይዤ ሰሃኗን ሁልጊዜ እመታለሁ?» መሆን አለበት።

አሁን ማግነሙ የሚሰጠውን ጥቅም በቁጥር እንመዝነው። .308 ዊንቸስተር በ1952 የወጣ ጥይት ሲሆን 150 ግሬኑን አረር በሴኮንድ 2,820 ጫማ ያህል ያስወነጭፈዋል። .300 ዊንቸስተር ማግነም በ1963 የወጣ ነው፤ 180 ግሬኑን በ2,960 ጫማ ገደማ ይልከዋል። ሁለቱም ጠመንጃዎች በ200 ያርድ ላይ እንዲገጥሙ ተስተካክለው 300 ያርድ ላይ ቢተኮስባቸው፣ የመጀመሪያው 9 ኢንች ያህል ዝቅ ይላል፤ ሁለተኛው 7 ኢንች ተኩል ያህል። ልዩነቱ 2 ኢንች አይሞላም። ይህም በ300 ያርድ ነው! በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በፔንሲልቬንያ ጫካ ለጫካ የሚያድን ሰው አጋዘኑን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ያርድ በታች ነው። በዚያ ርቀት በሁለቱ ጥይቶች መካከል ያለውን ልዩነት አጋዘኑም አይለየው፤ የሚለየው የተኳሹ ትከሻ ነው።

ትከሻው የሚከፍለውን ዋጋ ደግሞ እንይ። የጠመንጃ ርግጫ በጫማ-ፓውንድ ይለካል። 8 ፓውንድ በሚመዝን ጠመንጃ .243 ዊንቸስተር ወደ 9፣ .308 ወደ 16፣ .300 ማግነም ከ25 በላይ ይራገጣል። 25 ቁጥር ብቻ ሊመስል ይችላል። በወንበር ተቀምጦ አምስት ጊዜ የተኮሰ ሰው ግን ትርጉሙን ያውቃል። በስድስተኛው ላይ ሰውነት ከአእምሮ ቀድሞ ይፈራል። ዓይን ይጨፈናል፤ ትከሻ ይሸሻል፤ ምላጩ በመሳብ ፈንታ ይነጠቃል። ይህን ደግሞ ጀግንነት አይከለክለውም። ፍርሃት ሳይሆን የሰውነት ጠባይ ነውና፣ ጦር ሜዳ የዋለውም ሰው ያደርገዋል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ በቀላል ጥይት ጀምሮ ደጋግሞ መተኮስ። የማግነም ጥይት ደግሞ በአብዛኛው ዋጋው ውድ ነው፤ ስለዚህ ባለማግነሙ ሁለት ጊዜ ይቀጣል። ሲተኩስ ያመዋል፤ ሲገዛ ደግሞ ይቆጨዋል። ውጤቱ በዓመት አሥር ጥይት የማይተኩስ፣ ጠመንጃውን የሚፈራ፣ ነገር ግን በወሬ የማይረታ አዳኝ ነው።

እዚህ ላይ «ይሁን፣ ግን ኃይል ስህተትን ይሸፍናል» የሚል ተቃዋሚ ይነሣል። ይህ ከሁሉም ክፉው ክርክር ነው፤ አዲሱን አዳኝ የሚያሳስተውም እርሱ ነው። ሆድ የተመታ አጋዘን በማግነምም ተመታ በ.243፣ ሆዱን የተመታ አጋዘን ነው። እግር የተሰበረበትም እንደዚሁ። ኃይለኛው ጥይት ስህተትን አይሸፍንም፤ ስህተቱን ራሱ ይወልዳል እንጂ፤ የተኳሹን ዓይን ያስጨፈነው እርሱ ነውና። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት እናቶቻችን ስለ ድስት ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «አባቶቻችን በከባድ መሣሪያ ነው ጎሹንና ዝሆኑን የጣሉት» ይላል። አባቶቻችን ግን ጥይት አያባክኑም ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ ላይ በአገራችን ገበያ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ጥይቱ ገንዘብ የሆነበት ሰው «ስቼም ቢሆን በኃይሉ ይወድቃል» ብሎ አይተኩስም፤ ተጠግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚተኩሰው። ዝሆንም ካነሣን፣ ዋልተር ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ አዳኝ በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል። እስከ ጋምቤላው ጊሎ ወንዝ ድረስም ዘልቆ አድኗል። አብዛኞቹን የጣላቸው ዛሬ ለአጋዘን «አነሰ» በሚባለው የ7 ሚሊሜትር ማውዘር ጥይት ነው። ያን ያህል ዝሆን ማለቁ የሚያስመሰግን አይደለም፤ ዛሬ ማንም ያንን አያድርግ። ነገር ግን ቤል የዝሆንን አካል አጥንቶ አረሩ የት መግባት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ምስጢሩ ዕውቀት እንጂ ባሩድ አልነበረም።

ስዊድን የምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ምስክር ናችሁ። በዚያ አገር ከዚህ አገሩ አጋዘን ብዙ እጥፍ የሚገዝፈው ኤልግ የሚታደንበት የታወቀው የአገሬው ጥይት 6.5 በ55 ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም አረር ያለው፣ ርግጫው ለስላሳ የሆነ ጥይት። የስዊድን ሕግ ለኤልግ አደን የአረሩንም ክብደት የሚይዘውንም ኃይል በቁጥር ወስኖ ያስቀምጣል። አረሩ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ 100 ሜትር ላይ 2,000 ጁል ይበቃዋል። ከዚያ ከቀለለ፣ ማለትም ከ9 እስከ 10 ግራም ከሆነ፣ 2,700 ጁል ይጠየቃል። ከአንድ ትውልድ በላይ በዚህ ሲሠራ ኖሯል። ለኤልግ የበቃ ለዲር እንዴት ያንሳል?

አሜሪካኖቹ ራሳቸውም በዚህ ጉዳይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተሟግተውበታል። ጃክ ኦኮነር የተባለው የታወቀ የአደን ጸሐፊ በ1925 ለወጣው .270 ዊንቸስተር፣ ማለት ለመካከለኛው ካሊበርና ለፈጣኑ አረር ዕድሜ ልኩን ቆመ። ኤልመር ኪት ደግሞ ለወፍራሙና ለከባዱ አረር ተሟገተ። ሁለቱም አዋቂዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ደግሞ በየዓመቱ ቁጥር ስፍር የሌለው ጥይት የሚተኩሱ ነበሩ። የኛ ሰው የኪትን ካሊበር ተውሶ የኪትን ልምምድ ትቶታል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ታዲያ ምን ልግዛ?» ለሚለኝ መልስ ሳልሰጥ ብሄድ ሙግቴ ባዶ ነው። መልሴም ይኸውና። ለወጣት፣ ለሴትና ርግጫ ለሚያስቸግረው ሰው .243 ዊንቸስተር ከ95 እስከ 100 ግሬን አረር ጋር፤ ወይም በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሙር ከ129 እስከ 143 ግሬን ጋር። ከፍ ላለ 7 ሚሊሜትር-08 ከ140 ግሬን፣ .270 ከ130 ግሬን፣ .308 ከ150 ግሬን ጋር። አባቱ ያወረሰው .30-06 ያለው ሰው 150 ወይም 165 ይበቃዋል። ይህ በ1906 የወጣ ጥይት ለኛ ባዕድ አይደለም፤ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች በኮርያ የያዙት ኤም ዋን ጠመንጃ የሚጎርሰው እርሱን ነበር። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ከ150 ያርድ በላይ ለማይተኩስ ደግሞ በ1895 የወጣው አሮጌው .30-30 ከ150 ወይም ከ170 ግሬን ጋር ዛሬም አጋዘን ይጥላል። ከዚህ ዝርዝር ማንኛውም ይበቃል። በነዚህ መካከል ስላለው ልዩነት ሌሊቱን ሙሉ መከራከር ይቻላል፤ አጋዘኑ ግን አይከራከርም።

የኮሎራዶን ኤልክ ለማደን የሚሄድ ሰው ከፍ ያለ ጥይት ቢመርጥ አልቃወምም፤ ያ ሌላ እንስሳ፣ ሌላ ርቀት ነው። እርሱም ቢሆን አስቀድሞ ይለማመድ።

ከካሊበሩ ይበልጥ ደግሞ ሊጠና የሚገባው አረሩ ነው። ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ ፓኬቱ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ። አንድ ጥይት በብዙ ዓይነት አረር ይሸጣል። .243 በ58 ግሬንም አለ፤ ያ ቀላሉ ግን ለቀበሮና ለትንንሽ አውሬ የተሠራ ነው። አጋዘን ትከሻ ላይ ሲያርፍ ከላይ ይበታተንና ሰፊ፣ ግን ጥልቀት የሌለው ቁስል ይተዋል። እንስሳው ሮጦ ያመልጣል። በሌላ በኩል ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነው የወታደር አረር አለ። ከኛ መካከል ወታደር የነበረ ሰው ክላሽ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ «ሰው የጣለ አጋዘን አይጥልም ወይ?» ይላል። ይህ ከባድ ስህተት ነው። የ1899 የሄግ ስምምነት በሰውነት ውስጥ የሚከፈት አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ስለከለከለ የወታደር አረር የሚሠራው እንዳይከፈት ሆኖ ነው፤ በስቶ ያልፋል። ለአደን የሚፈለገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ገብቶ እንደ እንጉዳይ የሚዘረጋ፣ ሳይበታተንም እስከ ወዲያኛው ጎድን የሚደርስ። ስለዚህም የኮሎራዶ ሕግ ለዲር የሚተኮሰው አረር የሚከፈት ዓይነት እንዲሆን፣ ከ70 ግሬን እንዳያንስ፣ 100 ያርድ ላይም 1,000 ጫማ-ፓውንድ ኃይል እንዲኖረው ያዝዛል።

አረር ጠንክሮ መሠራት አለበት የሚለው አሳብ ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ በ1946 በካናዳ ትልቅ ሙስ መትቶ አረሩ ከላይ ተበታትኖ እንስሳው አልወድቅ አለው። የተኮሰው በማግነም ነበር! ኖስለር ግን ከዚያ የባሰ ማግነም ፍለጋ አልሄደም። በመካከሉ ግድግዳ ያለው፣ የፊቱ ሲከፈት የኋላው ሳይበተን የሚዘልቅ አረር ሠራ፤ በ1948ም ለገበያ አቀረበው። እስከ ዛሬ ይሸጣል። ችግሩን የፈታው አረሩን በማሻሻል እንጂ ባሩዱን በመጨመር አልነበረም።

ወደ ሌላኛው ጽንፍም አልሄድም። «.223 ከበቂ በላይ ነው፣ አንገቱን ብቻ መምታት ነው» የሚል ጉረኛ ደግሞ አለ። አንገት ጠባብ ነው፤ ደግሞም ይንቀሳቀሳል። የተዋጣለት ተኳሽ በተመረጠ አረር በ.223 አጋዘን ሊጥል ይችላል፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም። ቨርጂኒያ ለአጋዘን ከ.23 ካሊበር ያነሰ ጠመንጃ ትከለክላለች፤ ስለዚህ .223 እዚያ ሕገ ወጥ ነው። ኦሃዮ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ለአጋዘን ጠመንጃ ስትፈቅድ ቀለሁ ቀጥ ያለ፣ አንገት የሌለው ጥይት የሚጎርስ እንዲሆን ወስናለች። እዚያ .308ም ሆነ .300 ማግነም ይዞ መገኘት ያስቀጣል። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ በአንድ ስቴት ውስጥም ካውንቲው ጠመንጃ ሊከለክል ይችላል። ከጠመንጃ ሱቁ በፊት የስቴቱን የአደን ደንብ ማንበብ ይቀድማል። ሌላም አለ። የፌዴራሉ ሕግ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በአገሩ የሚኖር ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለውንም፣ የጸና የአደን ፈቃድ እንደ መያዝ ያለ ልዩ ምክንያት ካልኖረው በቀር፣ ይከለክላል። የመኖሪያ ወረቀቱ ያልለየለት ወገን ካሊበር ከመምረጡ በፊት ጠበቃ ያማክር፤ በአንድ አጋዘን ምክንያት አገር የሚያሳጣ ጣጣ እንዳይመጣ።

አሁን ወደ ማዕድ እንምጣ፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ እኛን ይነካል። ብዙ የአደን አረር ውስጡ እርሳስ ነው። እርሳሱ አጥንትና ሥጋ ሲመታ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ሆኖ ይበተናል። በ2008 የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በበግ ሬሳዎች ላይ ልዩ ልዩ ጥይት ተኩሶ በራጅ ሲያያቸው ቅንጣቶቹ አዳኞች ከሚገምቱት በላይ ከቁስሉ ርቀው ተገኙ። ከሁሉ የባሰው በቶሎ የሚበታተነው ፈጣን የእርሳስ አረር ነበር። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው አረር ግን እርሳስ አይተውም። ቁስሉን በውኃ ማጠብም ቅንጣቱን ወዲያና ወዲህ ያሰራጫል እንጂ አያጠፋም። በዚያው ዓመት በሰሜን ዳኮታ ለችግረኞች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ በዚህ ምክንያት እንዳይታደል የጤና ባለሥልጣኖች አሳሰቡ። ለሕፃን «ጉዳት የለውም» የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ የጤና ባለሙያዎች ይናገራሉ።

እንግዲህ እኛ ሥጋን እንዴት እንደምንበላ አስቡት። ወርቹን ከትፈን፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሰን ነው። የተከተፈና የተፈጨ ሥጋ ደግሞ ቅንጣቱ በብዛት የሚገባበት ነው፤ ምክንያቱም ቁስሉ አካባቢ ያለው ቁርጥራጭ ሁሉ የሚሄደው ወደ መፍጫው ነው። ማብሰልም እርሳስን አያጠፋም። በ60 ያርድ ላይ በማግነም ትከሻውን የተመታ አጋዘን ሁለቱ ወርቾች በደም ተነክረው ይጣላሉ፤ የቀረው ሥጋም በቅንጣት የተበከለ ሊሆን ይችላል። ይህን ለነፍሰ ጡር ሚስትና ለሦስት ዓመት ልጅ ማቅረብ ምን ዓይነት አባወራነት ነው? መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከጎድን መካከል፣ ከትከሻው አጥንት ኋላ መምታት፤ ከቁስሉ ዙሪያ ያለውን በልግስና ቆርጦ መጣል፤ ከሁሉ የተሻለው ደግሞ የመዳብ አረር መተኮስ። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል አንድ ደረጃ ቀለል ያለ አረር ይመረጣል፤ ለ.308 ከ130 እስከ 150 ግሬን ያለው ይስማማል። ክብደቱን ሳያጣ ስለሚዘልቅ ቀለለ ተብሎ አይናቅም። በዋጋ ትንሽ ይበልጥ ይሆናል፤ ግን ለማግነሙ ሊወጣ ከነበረው ገንዘብ ላይ ይነሣ።

«አንተ ደግሞ፣ ስለ ጥይት ይህን ያህል ምን አስጮኸህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚያስጮኸኝ ነገር አለ። አንደኛ፣ ቆስሎ ጫካ ውስጥ የሚበሰብስ እንስሳ ነውር ነው፤ በኛም ባህል፣ በዚህ አገር አዳኞችም ዘንድ። ግዳይ መጣል እንጂ ማቁሰል ማንንም አላስፎከረም። ሁለተኛ፣ የሳተ ጥይት ሜዳ ላይ አይቀርም። የጠመንጃ አረር ከአንድ ማይል በላይ ይሄዳል፤ ከኋላው እርሻ፣ መንገድ፣ የሰው ቤት አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ምላጭ የሚስብ ሰው አረሩ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ሦስተኛ፣ የመሬቱ ባለቤት ፈቅዶ ያስገባን እንግዶች ነን። አንዱ ወገን ያቆሰለውን አጋዘን ሳይፈልግ ሄደ ከተባለ በሚቀጥለው ዓመት በሩ የሚዘጋው በሁላችንም ላይ ነው።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። «ትልቁን ግዛ» የሚለው ምክር እኅቶቻችንንና ልጆቻችንን ከአደን አባርሯል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ማግነም አስይዞ አንድ ጊዜ አስተኩሶ፣ ከንፈሩ በርግጫው ሲደማ «ገና ነህ» ብሎ መሳቅ ማስተማር አይደለም። ያ ልጅ .243 ቢሰጠው ኖሮ በዓመቱ ከአባቱ የተሻለ ይተኩስ ነበር። ምናልባት አባትየው የሚፈራውም ይህንኑ ይሆናል።

ስለዚህ ለዘንድሮው የአደን ወራት የምመክረው አንድ ነው። ማግነም ያላችሁ ሽጡት አልልም፤ ጓዳ ይቀመጥ፤ የኤልክ ቀን ይመጣል። አንድ መካከለኛ ጠመንጃ ያዙ። ለአጋዘን የተሠራ አንድ ዓይነት አረር ምረጡና አትቀያይሩ። ከወራቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ወደ ተኩስ መለማመጃ ሂዱ። ከወንበር ላይ ብቻ ሳይሆን ተንበርክካችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ዛፍ ተደግፋችሁ ተኩሱ። 8 ኢንች ስፋት ያለው የወረቀት ሰሃን ለጥፉና አምስት ጥይት ተኩሱበት። አምስቱም የገባበት ርቀት የእናንተ ርቀት ነው፤ 80 ያርድ ከሆነ 80፣ 150 ከሆነ 150። ከዚያ በላይ ርቆ ለቆመ አጋዘን አትተኩሱ፤ ቀንዱ የፈለገውን ያህል ቢያምር።

በዚህ የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሣና ይሞግተኝ፤ ገጹ ክፍት ነው። ነገር ግን ሙግቱን ከመላኩ በፊት ማግነሙን ይዞ ወደ መለማመጃው ይሂድና አምስቱን ጥይት ሰሃኑ ላይ ይተኩስ። የተበሳውን ሰሃን ከደብዳቤው ጋር አያይዞ ይላክልን።

መልካም የአደን ወራት ያድርግልን።